ከደመወዝ ጣሪያ በታች ቦታ ፍለጋ
የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ክለቦችና የሒሳባቸው አጭር ታሪክ

መግቢያ

በሕንፃ ሥራ የጣሪያ ክብደት በአየር ላይ እንደማይቀር ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም። በወራጅ፣ በግድግዳና በዓምድ አልፎ መሠረቱ ላይ ያርፋል። በሰሜን አሜሪካ የሙያ ቅርጫት ኳስ ዓለም ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ሌላ ዓይነት ጣሪያ አለ፤ ይኸውም አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ለተጫዋቾቹ በድምሩ የሚከፍለውን ገንዘብ የሚወስነው «የደመወዝ ጣሪያ» ነው። ክለቦቹ አዲስ ዝነኛ ተጫዋች ለማስፈረም በፈለጉ ቁጥር ከዚህ ጣሪያ በታች ክፍት ቦታ ማግኘት ስላለባቸው፣ ቦታ ማስለቀቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ የስፖርት ወሬ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሙያ ማኅበር አባላት ለሆንን ሰዎች ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ በውስጡ ይገኛል። የተጫዋቾቹ የሙያ ማኅበር የራሱን አባላት ደመወዝ የሚገድብ ውል ለምን ፈረመ? ጣሪያው ከተሠራስ በኋላ ክብደቱን የተሸከመው ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክለቦቹ ቦታ የሚያስለቅቁባቸውን መንገዶች በታሪክ ቅደም ተከተል እያነሡ ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ መፈለግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጣሪያው አመጣጥ

ዛሬ በምኅጻረ ቃል ኤን.ቢ.ኤ. ተብሎ የሚጠራው ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር በ1946 ዓ.ም. በሌላ ስም ሲቋቋም የደመወዝ ጣሪያ ነበረው። ልኩም ለአንድ ቡድን 55,000 ዶላር ሲሆን፣ አብዛኛው ተጫዋች በዓመት ከ4,000 እስከ 5,000 ዶላር ያገኝ ነበር። ያ ደንብ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጫዋቹን ደመወዝ ዝቅ አድርጎ የያዘው ሌላ ሰንሰለት ነበር፤ ይኸውም ውሉ ያለቀበት ተጫዋች እንኳ ወደ ሌላ ክለብ እንዳይሄድ የሚያስረው አንቀጽ ነው።

ይህ ሰንሰለት የተበጠሰው በራሳቸው በተጫዋቾቹ ትግል ነው። ማኅበራቸው በ1954 ዓ.ም. በቦብ ኩዚ አነሳሽነት ተመሠረተ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በጊዜው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ኦስካር ሮበርትሰን በስሙ ክስ መሠረተ፤ ክሱም በ1976 ዓ.ም. በስምምነት አልቆ ተጫዋቾች ውላቸውን ሲጨርሱ ወደ ሌላ ክለብ የመሄድ መብት ማግኘት ጀመሩ። መብቱ በሥራ ላይ ሲውል ደመወዝ በፍጥነት ወጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከነበሩት 23 ክለቦች አብዛኞቹ ኪሳራ ላይ መሆናቸውን ባለንብረቶቹ ይናገሩ ጀመር። የአንዳንዶቹ ክለቦች መዘጋት ማለት ደግሞ ለተጫዋቾቹ የሥራ ማጣት ማለት ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች አዲስ የኅብረት ስምምነት ተፈራረሙ። በተጫዋቾቹ በኩል ድርድሩን የመሩት የማኅበሩ የሕግ አማካሪ ላሪ ፍላይሸር ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ የሊጉ ኮሚሽነር ላሪ ኦብራየን ነበሩ። በስምምነቱ ተጫዋቾቹ ጣሪያውን ተቀበሉ፤ በምላሹም ከሊጉ ጠቅላላ ገቢ 53 በመቶ ለነርሱ እንዲሰጥ ዋስትና አገኙ። ክለቦቹም ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይከፍሉ ዝቅተኛ ወለል ተበጀ። ስለዚህ የማኅበሩ ፊርማ ሽንፈት አልነበረም። ተለዋዋጭ የነበረውን የግል ዕድል በቋሚ የጋራ ድርሻ መለወጥ ነበር። ጣሪያው በ1984-85 የውድድር ዘመን በ3.6 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ጀመረ። ከገቢው ጋር የተያያዘ በመሆኑም ከፍ እያለ ሄዶ በ2025-26 የውድድር ዘመን 154.6 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

ነገር ግን የጋራ ጥቅም ክብደት በመጀመሪያ የሚያርፈው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። በ1984 ዓ.ም. የፊላዴልፊያ ክለብ ሊዮን ዉድ የተባለውን ወጣት ከአዳዲሶቹ ተጫዋቾች መካከል በመጀመሪያው ዙር መረጠው። ክለቡ ግን ከጣሪያው በላይ ስለነበር ሊያቀርብለት የቻለው የአንድ ዓመት የ75,000 ዶላር ውል ብቻ ሆነ። ወጣቱም ገና ባልገባበት ማኅበር የተፈረመ ስምምነት እንዴት የኔን ደመወዝ ይወስናል በማለት ከሰሰ። በ1987 ዓ.ም. የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ የኅብረት ስምምነት ገና ወደ ሙያው የሚገቡትንም እንደሚያስር አስታወቀ። ዉድ ለብዙ ዓመታት ከተጫወተ በኋላ በዚያው ሊግ ዳኛ ሆኖ አገልግሏል። የሕግ ተማሪዎች ዛሬም ጉዳዩን ያነባሉ።

በጣሪያው ላይ የተከፈተው በር

የኤን.ቢ.ኤ. ጣሪያ ፍጹም የተደፈነ አይደለም። ክለቦች የራሳቸውን ነባር ተጫዋች ለማቆየት ሲሉ ጣሪያውን ማለፍ እንዲችሉ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ አለ፤ ይህም በቦስተኑ ታላቅ ተጫዋች ስም «የላሪ በርድ መብት» ይባላል። የዚህ በር ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1996-97 የውድድር ዘመን የአንድ ሙሉ ቡድን ጣሪያ ከ24 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት የበለጠ ሲሆን፣ የቺካጎው ማይክል ጆርዳን ብቻውን ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሎታል።

ከዚህ የተነሣ የክለቡ አስተዳዳሪ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦችን በአንድ ጊዜ ይሠራል። የራሱን ተጫዋች ለማቆየት ክፍት ቦታ አያስፈልገውም፤ የሌላ ክለብ ነፃ ተጫዋች በከፍተኛ ደመወዝ ለማምጣት ግን ያስፈልገዋል። ከጣሪያው በላይ የሆነ ክለብ ተጫዋች ሲለዋወጥ የሚሰጠውና የሚቀበለው ደመወዝ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ስለዚህ ደመወዝን ያለ ምትክ ለማራገፍ የሚፈልግ ክለብ፣ ተቀባይ የሚሆን ክፍት ቦታ ያለው ሌላ ክለብ መፈለግ ግዴታው ነው። ቦታ የማስለቀቅ ጥበብ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሸክምን ወደ ሌላ ክለብ ማዛወር

የመጀመሪያውና የታወቀው መንገድ ዝውውር ነው። ለዚህም የ1996 ዓ.ም. በጋ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሻኪል ኦኒልን ከኦርላንዶ ለመውሰድ ፈለገ፤ በቂ ቦታ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ነባሩን ሰርቢያዊ ተጫዋች ቭላዴ ዲቫትስን ለሻርሎት ክለብ ሰጠ። በምትኩ የተቀበለው፣ ሻርሎት በ13ኛ ተራ የመረጠውን ኮቢ ብራያንት የተባለ የ17 ዓመት ልጅ የማስፈረም መብት ነበር። ዲቫትስ ከሎስ አንጀለስ ከምሄድ ጨዋታ አቆማለሁ እስከ ማለት ደርሶ በኋላ ተስማማ። ክለቡም ጆርጅ ሊንችንና አንቶኒ ፒለርን ወደ ቫንኩቨር ልኮ ተጨማሪ ቦታ አስለቀቀ፤ ለኦኒልም የሰባት ዓመት የ120 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበ። ኦኒልና ብራያንት ከ2000 እስከ 2002 ዓ.ም. ሦስት ተከታታይ ዋንጫ አነሡ። ለቦታ ሲባል የተሰናበቱት ሦስቱ ሰዎች ግን በጥፋታቸው ወይም በድካማቸው የተሰናበቱ አልነበሩም፤ ደመወዛቸው ቦታ በመያዙ ብቻ ነው።

ተቀባዩ ክለብ ሸክሙን በነፃ አይሸከምም፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ የወደፊት የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ተራ ነው። የጎልደን ስቴት ክለብ በ2013 ዓ.ም. አንድሬ ኢጉዋዳላን ለማስፈረም ሲፈልግ፣ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸውን አንድሪስ ቢየድሪንስን፣ ሪቻርድ ጄፈርሰንንና ብራንደን ረሽን ለዩታ አስረከበ። ዩታም ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋውን ደመወዛቸውን ስለተሸከመ የ2014 እና የ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ተጨመሩለት። ክለቡ በነዚያ ዓመታት እየበረታ ስለሄደ ምርጫዎቹ በተራው ወደ መጨረሻ የሚጠጉ ሆኑ፤ ኢጉዋዳላ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክለቡ ዋንጫ ሲያነሣ የፍጻሜው ጨዋታዎች ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ዩታ በበኩሉ ቡድኑን እንደ አዲስ በመገንባት ላይ ስለነበር የሌላውን ዕዳ ተከራይቶ በማስቀመጥ ኪራይ የመቀበል ያህል ነበር። ሁለቱም ወገኖች በየፍላጎታቸው ረክተዋል።

ማያሚም በ2010 ዓ.ም. ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። ከሁለት ዓመት በፊት በሁለተኛ ተራ የመረጠውን ማይክል ቢዝሊን ለሁለተኛ ዙር ምርጫዎች ብቻ ለሚኒሶታ አሳልፎ ሰጠ። ሌብሮን ጄምስ፣ ክሪስ ቦሽና ድዌይን ዌድም ሕጉ ከሚፈቅደው ከፍተኛ ደመወዝ ጥቂት ዝቅ ብለው ፈረሙ። በዚህ ምሳሌ ከሸክሙ ከፊሉ ያረፈው በተጫዋቾቹ በራሳቸው ኪስ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሌላው የዝውውር ዓይነት ደግሞ ውላቸው ሊያልቅ የተቃረበ ተጫዋቾችን ለቦታ ሲባል መቀበል ነው። ሜምፊስ በፌብሩዋሪ 2008 ዝነኛውን ፓው ጋሶልን ለሌከርስ ሲሰጥ፣ ከተቀበላቸው ነገሮች ዋነኛው በዚያው ዓመት የሚያበቃው የክዋሚ ብራውን ውል ነበር። ብዙ ሰው በሜምፊስ ላይ ሳቀ። ሌከርስም በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ አነሣ። ነገር ግን በዚያ ልውውጥ ውስጥ የፓው ታናሽ ወንድም ማርክ ጋሶል የማስፈረሚያ መብትም ነበረበት፤ ማርክም በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ለመባል በቃ። ስለዚህ የአንድ ልውውጥ ሒሳብ በዓመቱ ተዘግቶ የሚያልቅ አይደለም።

ሸክምን ወደ መጪው ዘመን ማዛወር

ተቀባይ ሲጠፋ ክለቡ ሸክሙን ለራሱ ወደፊት ያስተላልፋል። በ2011 ዓ.ም. በተፈረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ የገባው የማራዘሚያ ደንብ ለዚህ የተመቸ ነው። ክለቡ የሚያሰናብተውን ተጫዋች ቀሪ ደመወዝ፣ የቀሩትን ዓመታት በሁለት አባዝቶ አንድ በመጨመር በሚያገኘው ጊዜ ላይ ያከፋፍለዋል። ሁለት ዓመት የቀረው ውል በአምስት ዓመት ላይ ይሰራጫል ማለት ነው። አንድ መሐንዲስ የነጥብ ጭነትን በሰፊ ወለል ላይ እንደሚያሰራጭ ያለ ነው፤ በየነጥቡ የሚያርፈው ኃይል ይቀንሳል፣ ጠቅላላው ክብደት ግን ያው ነው።

በጁላይ 2025 የሚልዎኪ ክለብ ይህን መንገድ እስከ ጫፍ ተጠቀመበት። ዳሚያን ሊላርድ በዚያ ዓመት በኤፕሪል የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ነበር፤ የሁለት ዓመት ቀሪ ደመወዙም 113 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ክለቡ አሰናብቶት ገንዘቡን በአምስት ዓመት ላይ በማሰራጨት ከኢንዲያና ማይልስ ተርነርን ለማስፈረም ቦታ አገኘ። ስለዚህ ሚልዎኪ ለማይጫወትለት ሰው በየዓመቱ ወደ 22.5 ሚሊዮን ዶላር በሒሳቡ ላይ ተሸክሞ እስከ 2029-30 ይዘልቃል። ሊላርድ ወደ ቀድሞው ክለቡ ወደ ፖርትላንድ ተመለሰ። በዚህ ጉዳይ ተጫዋቹ ደመወዙን አላጣም፤ የሚልዎኪ የነገ አስተዳዳሪዎች ግን የትናንቱን ውሳኔ ይከፍላሉ።

ከዚህ ቀደም ደግሞ የምሕረት ደንብ የሚባል ነበር። በ2011 ዓ.ም. ስምምነት እያንዳንዱ ክለብ አንድ ተጫዋች አሰናብቶ ደመወዙን እየከፈለ ከጣሪያው ሒሳብ እንዲሰርዝ ተፈቀደለት። የኒው ዮርክ ክለብ ለታይሰን ቻንድለር ቦታ ለማስለቀቅ ቾንሲ ቢለፕስን ያሰናበተው በዚሁ ደንብ ነው። የምሕረቱ ደንብ ከሒሳብ መዝገቡ ክብደት የሚሰርዝ ብቸኛ መንገድ ቢመስልም፣ ገንዘቡ ከባለንብረቱ ካዝና መውጣቱ አልቀረም።

በእምነት ላይ የተመሠረተ ቦታ

ከሁሉም ረቂቁ መንገድ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ክለቡ የራሱ ተጫዋች ውሉን ሲጨርስ እስኪፈርም ድረስ ወይም መብቱ እስኪተው ድረስ አንድ የተወሰነ መጠን በሒሳቡ ላይ ይያዝበታል። ይህ መጠን ተጫዋቹ በኋላ ከሚፈርመው ደመወዝ ሊያንስ ይችላል። የሳን አንቶኒዮ ክለብ በዚህ ተጠቀመ። ለካዋይ ሌናርድ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ትልቅ ውል አዘገየ፤ በ2015 ዓ.ም. በጋ በሌናርድ ስም የተያዘው ወደ 7.2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ስለነበር፣ ክለቡ ቲያጎ ስፕሊተርንም ወደ አትላንታ አዛውሮ በመጀመሪያ ላማርከስ ኦልድሪጅን አስፈረመ። ከዚያም በበርድ መብት ለሌናርድ ከፍተኛውን ደመወዝ ሰጠ። ዘዴው የተሳካው ሌናርድ ስለታገሠ ነው፤ በመካከሉ ቢጎዳ ኖሮ ኪሳራው የርሱ ይሆን ነበር።

እምነት ሲፈርስ ምን እንደሚከተል ደግሞ የ2004 ዓ.ም. የክሊቭላንድ ታሪክ ያሳያል። ክለቡ በካርሎስ ቡዘር ላይ የነበረውን ርካሽ የአንድ ዓመት አማራጭ ትቶ ነፃ አወጣው፤ ይህን ያደረገው በተሻለ ደመወዝ እንደሚፈርምለት ተማምኖ ነበር። ሆኖም ክፍት ቦታ የነበረው ዩታ የስድስት ዓመት የ68 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበለት፤ ክሊቭላንድም ከጣሪያው በላይ ስለነበር ሊወዳደር ሳይችል ተጫዋቹን አጣ። ቡዘር ቃል አልገባሁም ሲል ተከራከረ።

እምነቱ በምስጢር ጽሑፍ ሲታሰር ደግሞ ወንጀል ይሆናል። የሚኒሶታ ክለብ ጆ ስሚዝ ለጥቂት ዓመታት በአነስተኛ ደመወዝ ፈርሞ፣ የበርድ መብት ከደረሰ በኋላ በብዙ ሚሊዮን እንዲካስ በድብቅ ተዋዋለ። ነገሩ በ2000 ዓ.ም. ሲጋለጥ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን ክለቡን 3.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጡ፤ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንም ነጠቁ፤ በኋላ ከፊሉ ተመለሰለት። በግልጽ ቢሠራ የተፈቀደ የሚሆነው ነገር በጓዳ ሲሠራ የሚቀጣው፣ ጣሪያው የሁሉም የጋራ ውል በመሆኑ ነው።

ባዶ ቦታ ብቻውን

ቦታ ማስለቀቅ ተጫዋች ማግኘት ማለት አይደለም። የኒው ዮርክ ክለብ በኖቬምበር 2008 ጃማል ክሮፈርድንና ዛክ ራንዶልፍን በአንድ ቀን አዛውሮ የ2010 ዓ.ም. በጋን መጠበቅ ጀመረ። በ2010 መጀመሪያም ተጨማሪ ሸክም ለማራገፍ ወጣቱን ጆርዳን ሂልንና የወደፊት ምርጫዎችን ለሂውስተን ሰጠ። በዚህ መካከል ያለፉት ሁለት የውድድር ዘመናት በ32 እና በ29 ድል ብቻ ተጠናቀቁ። ቀኑ ሲደርስ ሌብሮን ጄምስ ማያሚን መረጠ፤ ኒው ዮርክ ያገኘው አማሬ ስታደማየርን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትኬት እየገዛ ደካማ ቡድን የተመለከተው ሕዝብም ከዚህ ሸክም ድርሻውን ወስዷል።

በተቃራኒው ደግሞ ቦታ ያልተጠበቀ ዕድል ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። በ2016 ዓ.ም. አዲሱ የቴሌቪዥን ውል ሥራ ላይ ሲውል ጣሪያው በአንድ ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር ዘለለ። ሊጉ ጭማሪው በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እንዲሆን ሐሳብ ቢያቀርብም የተጫዋቾቹ ማኅበር አልተቀበለውም ነበር። ስቴፈን ከሪ በቁርጭምጭሚት ጉዳት በሚሠቃይበት በ2012 ዓ.ም. በ44 ሚሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ውል ፈርሞ ነበርና፣ ጎልደን ስቴት ሀሪሰን ባርንስን ለቆና አንድሩ ቦጉትን ወደ ዳላስ አዛውሮ ኬቪን ዱራንትን ለማስፈረም ቻለ። ክለቡ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዋንጫ አነሣ። ከዚህ ትምህርት በመውሰድ ይመስላል፣ በ2023ቱ ስምምነት የጣሪያው ጭማሪ በዓመት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ።

የደንቡ ምላሽ

እያንዳንዱ የማስለቀቂያ ዘዴ አዲስ ደንብ ወልዷል። ከ1998 ዓ.ም. በጋ እስከ 1999 ጥር የቆየው የሥራ መዝጋት የውድድር ዘመኑን ከ82 ወደ 50 ጨዋታ አሳጥሮ፣ በአንድ ተጫዋች ደመወዝ ላይ ከፍተኛ ልክ አስከትሏል። ከዚያ ወዲህ የጆርዳን ዓይነት ደመወዝ ሊታሰብ አይችልም። የ2011ዱ የሥራ መዝጋት የተጫዋቾቹን ድርሻ ከ57 በመቶ ወደ 50 በመቶ ገደማ አወረደው። የ2023ቱ ስምምነት ደግሞ ከጣሪያው እጅግ ርቀው በሚከፍሉ ክለቦች ላይ ሁለተኛ የገደብ መስመር አሰመረ፤ ይህን ያለፈ ክለብ የብዙ ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ በአንድ መለዋወጥ አይችልም። የ2024 ዓ.ም. ባለ ዋንጫ ቦስተን ከዚህ መስመር በታች ለመውረድ በ2025 ዓ.ም. በጋ ጅሩ ሆሊዴይንና ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን አሰናብቷል። ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ዋንጫ ካነሣ በዓመቱ በሒሳብ ምክንያት መበተን ጀመረ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት መንገዶች በስም ይለያያሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። በዝውውር ሸክሙ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል፤ በማራዘሚያ ወደ መጪው ዓመት ይተላለፋል፤ ዝቅ ብሎ በመፈረም ወደ ተጫዋቹ ኪስ ይገባል፤ በቀጠሮ ደግሞ በታጋሹ ሰው ላይ ያርፋል። ከሒሳብ መዝገብ የሚሰረዝ ቁጥር አለ፤ ከፋይ የሌለው ቁጥር ግን የለም።

የተጫዋቾቹ ማኅበር በ1983 ዓ.ም. ጣሪያውን መፈረሙ በእኔ አስተያየት ተገቢ ነበር። በመቶኛ የተወሰነ የጋራ ድርሻ ባይገኝ ኖሮ የጥቂቶች ደመወዝ ሰማይ ሲነካ ደካማዎቹ ክለቦች ተዘግተው የብዙዎች እንጀራ በቀረ ነበር። ነገር ግን ስምምነቱ ጠቅላላውን ክብደት ሲወስን የክብደቱን ማረፊያ ለክለቦች አስተዳዳሪዎች ውሳኔ ተወ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ድርድሮች በብዙው በዚህ በተተወው ክፍል ላይ የሚደረጉ ናቸው። የኛም ሆነ የሌላ ሙያ ማኅበር በኅብረት ስምምነት ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ፣ ስለ ጣሪያው ከፍታ ከሚከራከረው ባላነሰ ጣሪያውን ስለሚሸከሙት ዓምዶች አስቀድሞ ቢመክር ይጠቀማል። ሊዮን ዉድ ወደ ፍርድ ቤት የሄደው ስምምነቱ ሲፈረም ይህ ምክክር ስላልተደረገለት ነው።